የጎደለ አፍንጫ በቀዶ ሕክምና ሲሠራ

ጥያቄ፦ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንድ አንባቢ፣ የቤተሰባቸውን አባል አፍንጫ ቁንጭር በልቶት እንዳለፈ ገልጸው፣ ሐኪሞች ከጭን ይልቅ ከግንባር ቆዳ መውሰድን ለምን እንደሚመርጡና ሥራው ለምን በአንድ ጊዜ እንደማያልቅ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ አፍንጫ ከውስጥ እርጥብና ስስ ሽፋን፣ ከመሃል ቅርጹን የሚያቆም አጥንትና ካርቲሌጅ (ማለትም እንደ ጆሮ የሚታጠፍ ለስላሳ አጥንት)፣ ከላይ ደግሞ ቆዳ ያለው ባለ ሦስት ንብርብር አካል ስለሆነ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚለየው ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ ነው። ጉዳቱ ከቆዳ ካላለፈ ግራፍት፣ ማለትም ከደም ሥሩ ተለይቶ የሚተከል ቆዳ፣ ሊበቃ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ግራፍት የሚኖረው ካረፈበት ቁስል በሚያገኘው ደም በመሆኑ፣ በተራቆተ ካርቲሌጅ ላይ ቢለጠፍ አይይዝም፤ የጭን ቆዳ ደግሞ በቀለምም ሆነ በውፍረት ከፊት ጋር አይስማማም።

ጉዳቱ ሲጠልቅ ፍላፕ ያስፈልጋል። በዚህ ዘዴ የግንባሩ ቆዳ ከቅንድብ ውስጠኛ ጫፍ አጠገብ ከሚወጣው የደም ቧንቧ ሳይለይ ወደ አፍንጫ ይዞራል፤ የጎደለው ካርቲሌጅም ከጆሮ ወይም ከጎን አጥንት ተወስዶ ከሥሩ ይገባል። የተዛወረው ቆዳ ከአዲሱ ቦታ ደም ማግኘት እስኪጀምር ድረስ በቅንድብና በአፍንጫ መካከል የተንጠለጠለው ማያያዣ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይቆረጥ ይቆያል፤ ለዓይን የማያምር፣ ታማሚውንም ከሰው የሚያሸሽ ጊዜ ቢሆንም፣ ለማሳጠር መቸኮል ቆዳውን ሊያሞተው ይችላል። ዘዴው በህንድ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ለንደናዊው ሐኪም ጆሴፍ ካርፕዩ ሞክሮት በ1816 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ካሳተመ በኋላ በአውሮፓ ተስፋፍቷል።

ጥያቄ፦ የሥጋ ደዌ ጉዳትስ በዚሁ መንገድ ይጠገናል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሥጋ ደዌ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየውን ግድግዳና የውስጡን ሽፋን ስለሚያጠፋ፣ የላይኛው ቆዳ ሳይጎድል አፍንጫው ይሰምጣል፤ ስለዚህ የሚተካው የውስጡ ሽፋንና ድጋፉ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ከሚታወቅባቸው ሥራዎች አንዱም የሥጋ ደዌ ሕሙማን የመልሶ ጥገና ቀዶ ሕክምና ነው።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምናው መቼ ይጀመር?

መልስ፦ ቁንጭሩ ወይም ሥጋ ደዌው በመድኃኒት መዳኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው፤ በሽታው ሳይጠፋ የተሠራ አፍንጫ ዳግመኛ ሊበላ ይችላል። የሚያጨስ ሰው የቆዳው የደም ዝውውር እንዳይጎዳ አስቀድሞ ማቆም ይኖርበታል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው የሚያብጥበት ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ መናገር አለበት። ጠያቂው በቅድሚያ ታማሚውን በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩ፤ ከዚያም በዚያው ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ያጽፉ።