የልጅዎ ሳል መነሻ በየትኛው ምርመራ ይታወቃል?



በብርድ ወራት መድኃኒት ቤት ውስጥ ደጋግሜ ከምሰማው ነገር አንዱ «ልጁን አስመርምሬዋለሁ፣ ቫይረስ የለበትም ተብሏል፤ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ስጪኝ» የሚል ነው። እህቴ፣ «የለበትም» ያለው የትኛው ምርመራ ነው?

ሕፃናትን የሚያስሉ ቫይረሶች ብዙ ናቸው። ጨቅላዎችን አብዝቶ የሚጎዳው አር.ኤስ.ቪ. ሲሆን ኢንፍሉዌንዛ፣ ራይኖ ቫይረስና ኮቪድም አሉ። እነርሱን ለመለየት የሚወሰደው ናሙና በአብዛኛው ከአፍንጫ ውስጠኛ ክፍል የሚወጣ ፈሳሽ ነው። የነጭ የደም ሴል ቆጠራ የቫይረሱን ስም አይናገርም።

ቀድሞ ቫይረሱን በሕያው ሴል ላይ ማሳደግ ዋነኛው መንገድ ነበር። ውጤቱ ብዙ ቀናት ስለሚወስድ እስኪደርስ ድረስ ልጁ ወይ ይድናል፣ ወይ ይብስበታል።

ፈጣኑ የአንቲጅን ምርመራ ግን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። እንደ እርግዝና መመርመሪያ በመስመር ያሳያል። በሽታው በሚዛመትበት ወቅት «አለ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ «የለም» ሲል ግን አይመኑት። የኢንፍሉዌንዛው ፈጣን ምርመራ በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች የሚያገኘው ከ50 እስከ 70 የሚሆኑትን ነው። ናሙናው ሕመሙ ከጀመረ ብዙ ቀን አልፎ ከተወሰደ ወይም ዘንጉ አፍንጫው ጫፍ ላይ ብቻ ከተነካካ ደግሞ ይብሳል።

ፒ.ሲ.አር. በ2022 ሐጅ የሄዱ ሁሉ የሚያስታውሱት ምርመራ ነው፤ ከበረራ በፊት በነበሩት 72 ሰዓታት ውስጥ ያስፈልግ ነበር። የቫይረሱን ዘረ መል አባዝቶ ስለሚያይ ጥቂቱንም ይይዛል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፤ ልጁ ከዳነ ከሳምንታት በኋላ የቀረውን ርዝራዥ ያገኛል። ራይኖ ቫይረስንማ በጤነኛ ልጅ አፍንጫም ያገኘዋል። ስለዚህ «ተገኘ» ማለት ዛሬ ያሳመመው እርሱ ነው ማለት ላይሆን ይችላል። ዋጋውም ውድ ነው።

በእኔ እይታ፣ እየጠባና እየተጫወተ ላለ ጉንፋናም ልጅ ከእነዚህ አንዱም አያስፈልገውም። ሆስፒታል ለተኛ፣ ለጨቅላ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ልጅ ግን ፒ.ሲ.አር. ይጠቅማል። ከሌሎች ሕፃናት ለመለየትም ሆነ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በጊዜ ለመጀመር ይረዳል።

ቤት ውስጥ በነጻ የሚሠራ አንድ ምርመራ አለ። ልጁ ሳያለቅስ ደረቱን ገልጠው አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ፤ የላቦራቶሪ ወረቀት «የለም» ቢልም። ሰበቡን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ፈጣን ትንፋሽ ላለው ልጅ ሐኪሙ ሊያዝለት ይችላል፤ የሳንባ ምች አምጪው ባክቴሪያ ይሁን ቫይረስ በቀላሉ አይለይምና። በግምት ከእኔ መስኮት የሚገዛ ግን አይደለም። በነገራችን ላይ፣ ለሳል ማር የምትሰጡ እናቶች፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ አትስጡ፤ በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።