ማብሰያና ማሞቂያን መለየት፦ መብራት በጠፋበት የብርድ ወቅት የቤተሰብ ዝግጅት

በየካቲት 2013 ዓ.ም. (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 2021) የአሜሪካዋን ቴክሳስ ግዛት ያልተለመደ ብርድ መታት። በዳላስ ከተማ የሙቀቱ መጠን ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ኤሌክትሪክ የተቋረጠባቸው ሲሆን፣ የግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት በመጨረሻ ያሳወቀው የሟቾች ቁጥር 246 ነበር። አብዛኞቹን የገደላቸው ብርዱ ነው። ሌሎች ግን የሞቱት ብርዱን ለመከላከል ባነደዱት ነገር ነው፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ሕክምና የፈለጉትም ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በሂዩስተን ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ ቤተሰብ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ በመኪና ሞተር ለመሞቅ ሲሞክር ሁለት ሰዎች አጥቷል።

ለድንገተኛ ችግር ስለሚደረግ የቤት ዝግጅት የሚሰጡ ምክሮች ማብሰያንና ማሞቂያን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ርዕስ ሥር ያስቀምጧቸዋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ተለያይተው መታቀድ እንዳለባቸው ያስረዳል። ማብሰያ ለአጭር ጊዜ፣ ሰው ነቅቶ እያየው የሚነድ እሳት ነው። ማሞቂያ ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ እንዲሠራ የሚፈለግ ነው። አንዱን ዕቃ ለሁለቱም ተግባር ማዋል የአደጋው ዋና ምንጭ ነው።

ሁለቱን ማጣመር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ልማድ አይደለም። በደጋው ጎጆ አንድ ምድጃ ወጥ ይሠራል፣ እንግዳ ያሞቃል፣ ልብስም ያደርቃል። የሣሩ ክዳንና የግድግዳው ስንጥቅ ጭሱንና ጋዙን በከፊል ስለሚያስወጡ ቤቱ ራሱ የምድጃው አካል ነበር ማለት ይቻላል፤ ዓይንና ሳንባ የከፈሉት ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። ያው የከሰል ማንደጃ ሲሚንቶና መስተዋት ወዳለው የኮንዶሚኒየም ክፍል ሲገባ፣ ዕቃው ሳይለወጥ ቤቱ ተለውጧል። በዝግ ቤት ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎች ሞት በአዲስ አበባ ተደጋግሞ የሚሰማውም ስለዚህ ነው። እዚህ ላይ «ክረምት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። የኢትዮጵያ ክረምት የዝናብ ወቅት ነው፤ የደጋው ሌሊት ይበልጥ የሚበርደው ግን ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለትም በበጋው ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ዝናቡ ሲያባራ የሚያበቃ አይደለም።

በብዙ ቤት የሚታመን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ማስገባት። ጥንቃቄው በከፊል ትክክል ነው፤ ጭሱና ሽታው ይቀንሳሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሰሉ በሚገባ ከቀላ በኋላም አየር ባነሰው ቁጥር ይመነጫል። በዚህ ረገድ ፍሙ ከሚጨሰው ከሰል የባሰ አታላይ ነው፤ የሚጨሰው ሰውን አስሎና አስለቅሶ ያስወጣል፣ ፍሙ ግን ያስተኛል። ጋዙ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣመር ሰውነት በቂ አየር እየሳበ ይታፈናል። ማንደጃው አጠገብ ውኃ ማስቀመጥም አይረዳም፤ ጋዙ በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟምና።

በማብሰያው በኩል የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ያህል እሳት ያስፈልጋል የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ አነስተኛ ጄኔሬተርም ሆነ ባትሪ አይሸከመውም፤ መብራት በጠፋበት ሳምንት እንጀራ መጋገርን ከዕቅዱ ማውጣት ይሻላል። የሲሊንደር ጋዝ ግን ትንሹ ብዙ ይሠራል። አንድ ኪሎ ጋዝ ወደ 46 ሜጋ ጁል ሙቀት ይሰጣል። ግማሹ በከንቱ ቢጠፋ እንኳ፣ ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ ለማፍላት የሚበቃው አንድ ሜጋ ጁል ያህል ስለሆነ፣ ከ20 ጊዜ በላይ ማፍላት ይቻላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ በሚበስልበት ጊዜም መስኮት መከፈት አለበት። ብርዱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት አገር የሚኖሩ ደግሞ ቡቴን ብቻ የያዘ ትንሽ ጣሳ መግዛት የለባቸውም፤ ቡቴን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፣ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው እሳት የማይጠይቅ ምግብ ነው። የዘመቻና የሩቅ መንገድ ስንቅ የነበሩት በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ እሳታቸውን አስቀድመው የጨረሱ ምግቦች ናቸው። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ድርቆሽ በትንሽ ሙቅ ውኃ ይርሳል። ስለ ድንገተኛ ችግር የተጻፉ የውጭ መመሪያዎች በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ይዘረዝራሉ፤ በቤቱ የበሶ ዱቄት ያለው ቤተሰብ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ክብሪት እንኳ ሳይጭር መቆየት ይችላል።

ማሞቂያውን በተመለከተ መልሱ በአብዛኛው ያለ እሳት ነው። ዕረፍት ላይ ያለ አንድ አዋቂ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። በሦስት ክፍል ተበታትነው የሚያድሩ አራት ሰዎች በአንዲት ትንሽ ክፍል ቢሰበሰቡ 400 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ አገኙ ማለት ነው፤ በሩ ሥር ጨርቅ መወተፍ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ መጋረድና ወለሉን ማንጠፍ ይህን ሙቀት ያቆያል። ክፍሉ በዚህ መልክ መዘጋት የሚችለው ግን ውስጡ ምንም የሚነድ ነገር ከሌለ ብቻ ነው። እሳቱ እንዲወጣ የሚያስገድደው ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው፤ እሳት አየር መግቢያ ይጠይቃል፣ አየር መግቢያው ደግሞ ሙቀቱን ያስወጣል። ከጋዝ ምድጃው የተወሰደ የሁለት ሊትር ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ተሞልቶና በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጋቢ ወይም ከቡሉኮ ሥር ቢገባ፣ ከ60 ዲግሪ ወደ 35 እስኪወርድ ድረስ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሚያመነጨው ይበልጣል።

ይህ ዘዴ ለአዲስ አበባና ለደብረ ብርሃን ሌሊት ይበቃል። ለቴክሳስ ዓይነት ብርድ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው፣ የጋዝ ማሞቂያ ያላቸውም ቢሆኑ አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ብዙዎቹ ቀዝቅዘው አድረዋል። ሕፃን ወይም አረጋዊ ያለበት ቤት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ጄኔሬተር ያለውም ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ ከቤት ውጭ ያቆመዋል።

በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መኝታ ክፍል አጠገብ ይሰቀላል። ጠቋሚ በሌለበት ቤት የሚታየው ምልክት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲሆን፣ ከጉንፋን የሚለየው ትኩሳት ሳይኖር በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ስለሚታመሙና ውጭ ሲወጡ ስለሚሻላቸው ነው። በዚያች ሰዓት ማንደጃውን ለማጥፋት መዘግየት አያስፈልግም፤ የተኙትን ቀስቅሶ ወደ ደጅ መውጣት፣ ብርድ ቢሆንም።