«ኡስታዝ፣ ሺሻ እኮ ውሃው ያጣራዋል»

 

ባለፈው ሳምንት ከደርስ በኋላ አንድ ወንድም ሰው እስኪበተን ጠብቆ ጠጋ አለኝ። «ኡስታዝ፣ ሲጋራ ትቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ሺሻ ግን ከጓደኞቼ ጋር ጁሙዓ ጁሙዓ ብቻ እስባለሁ። እሱ እኮ ውሃው ያጣራዋል። ደግሞም መክሩህ ነው ይባላል እንጂ ሐራም አይደለም አይደል?» አለኝ። ሰላቱን የሚጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ የማየው ልጅ ነው። ጥያቄው የሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ መልሱን እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ለሱ እንደምጽፍ አድርጌ «አንተ» እላለሁ፤ እህቴ፣ አንቺም ራስሽን አስገቢበት፤ ጢሱ ወንድና ሴት አይለይም።

ከውሃው እንጀምር። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርልህም። ኒኮቲኑ፣ ታሩ፣ ካንሰር የሚያመጡት ንጥረ ነገሮች ውሃውን አልፈው ይመጣሉ። እንዲያውም ማቀዝቀዙ ራሱ ችግር ነው። የሲጋራ ጢስ ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ጀማሪ ቶሎ ያስለዋል። የሺሻው ግን ቀዝቅዞ፣ የፖምና የአዝሙድ ጣዕም ለብሶ ስለሚመጣ በጥልቀት ትስበዋለህ፤ ያውም ለአንድ ሰዓት ያህል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንደገለጹት፣ በአንድ የሺሻ ቆይታ የሚሳበው ጢስ በመጠኑ ከ100 ሲጋራ ጢስ ጋር ሊስተካከል ይችላል። «ጁሙዓ ጁሙዓ ብቻ» ስትል ይህን አብረህ አስላው።

ብዙዎቻችን የምንረሳው ደግሞ ከላይ የሚቀመጠውን ፍም ነው። ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ዜና ሲመጣ «ኢና ሊላሂ» እንላለን። እናቶቻችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ፍም ሆኖ ካልቀላ የማያስገቡት ይህን ስለሚፈሩ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢኑን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ታክሲው በሌላ ሰው ሞልቶ እንደሚያልፍህ ማለት ነው፤ ኦክስጅኑ አለ፣ የሚሳፈርበት ግን የለም። እናትህ ከሳሎን የምታስወጣውን ጋዝ አንተ ከፍለህ በቱቦ ወደ ሳንባህ ታስገባዋለህ። ሺሻ ላይ ራስህን ሲያዞርህና ሲያምህ፣ ጓደኛህ «ዛሬ ጠንካራ ነበር» ብሎ ሲስቅ፣ ምናልባት እየታፈንክ ነበር።

አሁን ወደ ሳንባ ልውሰድህ። ደረትህ ውስጥ ወደ 300 ሚሊዮን ወይም ከዚያ በላይ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ሁሉም ተዘርግተው ቢነጠፉ ከ50 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ፤ ብዙዎቻችን ካደግንበት ቤት ይሰፋል። ሱብሓነላህ! ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው፤ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በዚያ ስስነት ነው። ወደ እነሱ የሚወስደው ቱቦ ደግሞ በዓይን በማይታዩ ጸጉሮች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ጸጉሮች ያለማቋረጥ እየተወዛወዙ አቧራውንና ጀርሙን ከአክታ ጋር ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ትዕዛዝ ሳትሰጣቸው፣ ተኝተህም ቢሆን።

ጢስ መጀመሪያ የሚያሽመደምደው እነዚህን ጠራጊዎች ነው። አጫሽ ጠዋት ጠዋት የሚያስለው አንዱ ምክንያት ሌሊት ጢሱ ሲቋረጥ ትንሽ ነፍስ ዘርተው የቀኑን ቆሻሻ ለማውጣት ስለሚታገሉ ነው። ሲነጋ እንደገና ጢስ ይለቀቅባቸዋል። ዓመታት ሲያልፉ የከረጢቶቹ ግድግዳ ይፈርሳል። የፈረሰው ደግሞ ተመልሶ አይሠራም። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ ከሩኩዕ ቀና ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በኋላም በወንበር ይሰግዳል። ካንሰሩን ሁሉም ስለሚያውቀው አላበዛውም። ይልቅ ወጣቶች የማይፈሩት ልብን ነው። ጢስ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፣ ደሙንም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የልብ ድካምና ስትሮክ በዚህ መንገድ ይመጣሉ። አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ መሆኗንም አትርሳ። ማጨስ በቲቢ የመታመምን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ በሺሻው ላይ ደግሞ አንዱ የሳለበትን ቱቦ ሌላው ይቀበላል።

«መክሩህ ነው» ወደሚለው እንምጣ። ይህን ያልከው ከራስህ አምጥተህ አይደለም፤ ያሉት ታላላቅ ዑለማዎች አሉ። ግን መቼ እንዳሉት እንይ። ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ቅጠል ነው። ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በ1000 ዓመተ ሒጅራ አካባቢ ነው። ከአራቱ ኢማሞች የመጨረሻው ኢማም አሕመድ ያረፉት በ241 ዓመተ ሒጅራ ነው። ስለዚህ በስሙ ጠቅሶ የሚከለክል ጥንታዊ ጽሑፍ ብትፈልግ አታገኝም፤ ስላልነበረ። ሲመጣ ዑለማው ተለያዩ። አንዳንዶቹ ወዲያው ሐራም አሉት፣ አንዳንዶቹ መክሩህ፣ ሌሎች ሙባሕ። በ1731 ያረፉት የደማስቆው ዐሊም ዐብዱልገኒ አን-ናቡሉሲ፣ ረሒመሁላህ፣ እንደሚፈቀድ የሚያስረዳ ኪታብ ጽፈዋል። ከመነሻቸው አንዱ ነገር ሁሉ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፣ የዚህም ጉዳት አልተረጋገጠም የሚል ነበር።

ልብ በል፤ ክርክሩ በጉዳቱ ላይ ነበር እንጂ ጉዳቱ የተረጋገጠ ነገር ይፈቀዳል በሚል አልነበረም። ሲጋራና የሳንባ ካንሰር ያላቸው ግንኙነት በሰፊ ጥናት የታየው በ1950 ገደማ ነው። አን-ናቡሉሲ ይህን አላዩም። አንተ ግን አይተሃል፤ ፓኬቱ ላይ ሳይቀር ታትሞልሃል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ ራሳችንን እንዳንገድል፣ በሱረቱ አል-በቀራም በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) መጉዳትንም፣ በጉዳት መመላለስንም ከልክለዋል። በዘመናችን አብዛኞቹ የፈትዋ አካላት ሐራምነቱን የያዙት ከዚህ ተነስተው ነው፤ እኔም የማምንበት ይህንን ነው። የአያቶቻችንን ዘመን ኺላፍ ይዘን ዛሬ በምናውቀው ላይ ዓይናችንን መጨፈን ለዑለማዎቹ ክብር መስጠት አይመስለኝም።

«ሰውነቱ የኔ ነው፣ የምጎዳው ራሴን ነው» የሚለውም ይቅር። በዓለም ላይ ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላ ሰው ጢስ የገደላቸው ናቸው። ያ ጢስ ቤት ውስጥ የሚያገኘው ማንን ነው? አስም ያለባትን ታናሽ እህትህን፣ ነፍሰ ጡር ሚስትህን። አንድ ሰው ነጭ ሽንኩርት በልቶ መስጂድ እንዳይመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል፤ ሽታው ሰውንም መላኢካንም ስለሚያውክ ነው። ሽንኩርት እኮ ሐላል ነው፣ ጤናም ነው! ከሺሻ ቤት ቀጥታ ወደ መግሪብ ጀማዓ ስትገባ ከጎንህ የሚቆመውን አባት አስበው።

መተው ይከብዳል? አዎ፣ ይከብዳል። ያልሞከረው ሰው ነው «ተወው በቃ» የሚለው። ኒኮቲን ከተሳበ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፣ ቶሎም ይወጣል። ከዚያ አንጎሉ ሌላ ይጠይቃል። መነጫነጩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ትኩረት መጥፋቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አጫሽ ከሆንክ ደግሞ ብዙ ሰው የሌለው ማስረጃ በእጅህ አለ፤ ረመዷን። በየቀኑ ከ13 ሰዓት በላይ ምንም ሳታጨስ ውለሃል፤ ሠላሳ ቀን። ከባዱን ግማሽ በየዓመቱ ትሠራውና ቴምሩን ቀምሰህ ሳትጨርስ ታፈርሰዋለህ።

ስታቆም ሰውነትህ አይዘገይም። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ቀን ውስጥ አብዛኛው ከደምህ ይወጣል። ጠራጊዎቹ ጸጉሮች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ሳሉ ቢብስብህ አትደንግጥ፣ ቆሻሻው እየወጣ ነው። በእንግሊዝ ከ1951 ጀምሮ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። ሲያጨሱ የኖሩት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞቱ። በ30 ዓመታቸው አካባቢ ያቆሙት ግን ያን 10 ዓመት ከሞላ ጎደል መልሰው አገኙት። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት ያገኙት 3 ዓመት ያህል ነው። አጀሉ በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡን እንድንይዝ ግን ታዘናል። አንተ ገና 23 ነህ።

ለወንድሜ የነገርኩት ይህንኑ ነበር። «ታዲያ ጁሙዓ ከሰዓት ምን ልሥራ? ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሚከብደው ጢሱ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱና ሰዎቹ ናቸው። ያ ሰዓት ደግሞ የትኛው እንደሆነ እሱም አላስተዋለውም ነበር። በጁሙዓ ቀን ዱዓ የማይመለስባት ሰዓት እንዳለች ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ብዙ ዑለማዎች ከዐስር በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ሰዓት ናት ይላሉ። ፍሙ የሚቀየረው፣ ቱቦው የሚዞረው ልክ ያኔ ነው። ዛሬ ከጓደኞቹ አንዱን ይዞ ከዐስር እስከ መግሪብ መስጂድ እንዲቆይ ተቀጣጥረናል፤ እኔም እገኛለሁ። ለሱ ዱዓ አድርጉለት። አንተም ከሆንክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ስምህን መናገር የለብህም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።