የመጀመሪያው ከረጢት ደም

በእኛ አገር ለካንሰር ታማሚ «ደም መውሰድ ያስፈልግሃል» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው «በቃ፣ አለቀልህ» ተብሎ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣና በላቦራቶሪ ትምህርታችን ዓይን ነገሩ ምን እንደሚመስል ለማሳየት እሞክራለሁ። መነሻዬ እናቴ ናት። ለጡት ካንሰር ሦስተኛውን ዙር ኬሞ እንደጨረሰች ሄሞግሎቢኗ 6.8 ገባ። ጥቂት ደረጃ ከወጣች ልቧ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ ደም እንድትወስድ ሲነግራት ግን «ልጄ፣ ደም የሚሰጠው እኮ ሊሞት ለደረሰ ሰው ነው፤ ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው» አለችኝ።

አይፈረድባትም። እሷ ደም ሲሰጥ ያየችው በወሊድ ብዙ ለፈሰሳትና መኪና ለገጨው ሰው ነው።

የኬሞ መድኃኒት በአብዛኛው የሚያጠቃው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሕዋስን ነው። የአጥንት መቅኔ ደግሞ ሌት ተቀን ደም ሲያመርት የሚውል ስለሆነ አብሮ ይመታል፤ ፀጉር የሚረግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፣ ዙሩ ሲደራረብ ነው ብቅ የሚለው። እርግጥ ካንሰሩ ራሱ መቅኔ ውስጥ ከገባ ወይም ከደማ ደም ያሳንሳል፤ ያንን የሚለየው ሐኪሙ ነው። የእሷን ግን ኬሞው እንዳመጣው ነግሮናል። «እማዬ፣ ደምሽን ያወረደው መድኃኒቱ ነው፣ በሽታው አሸነፈ ማለት አይደለም» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ የማን ደም ነው ታዲያ?» አለች።

ይቺ ጥያቄ ቀላል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1901 ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ለይቶ እስኪያሳውቅ ድረስ የሰው ደም ለሰው መስጠት ዕጣ እንደ መጣል ነበር። ዛሬ ከለጋሹ የተወሰደው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። ስጋቱ ዜሮ ነው ባይባልም በጣም ዝቅ ብሏል። ከዚያ ክሮስማች አለ፤ የለጋሹን ቀይ ሕዋስ ከታማሚው ሴረም ጋር አገናኝተን መጓጎል አለመጓጎሉን እናያለን። እኛ በቱቦ ውስጥ ለማርክ የምንሠራት ነገር ለካ የሰው ነፍስ ናት!

አልጋው ጋ ሁለት ነርሶች ስሟን፣ የካርድ ቁጥሯንና የደም ዓይነቷን ከከረጢቱ ጋር አመሳከሩ። የስም መቀያየር ከባድ አደጋ ስለሚያመጣ ይህ እርምጃ ከየትኛውም ማሽን ይበልጣል ባይ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ደሙ በዝግታ ነው የሚንጠባጠበው፤ ብርድ ብርድ ካላት፣ ወገቧን ካመማት ወይም ካሳከካት ወዲያው እንድትናገር ተነገራት። በዚያው መስመር ከኖርማል ሳላይን በስተቀር ምንም አይገባም፤ ግሉኮስ ቀይ ሕዋሱን ያፈነዳዋል። አንዱ ከረጢት ከፍሪጅ ከወጣ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። እናቴ ሰዓቱን እያየች «ክንዴን ቀዘቀዘኝ» ከማለት በቀር ምንም አላለች።

አንድ ከረጢት የአዋቂን ሄሞግሎቢን በ1 ያህል ከፍ ያደርጋል። ሁለት ወሰደች፤ በማግሥቱ 8.7 ሆነ። አራተኛው ዙር አንድ ሳምንት ዘግይቶ ተሰጣት። አሁን የምርመራ ወረቀት ሲመጣላት ከእኔ ቀድማ የሄሞግሎቢኑን መስመር ፈልጋ የምታነበው እሷ ናት።