ሐኪምነትና የማኅበር መሪነት

በክፍላችን ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ተማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን ሐኪም ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ብቻ ሳይሆን ስለ ሠራተኞች መብት በሚደረግ ድርድር ላይም ሊቀመጥ እንደሚችል ያሰብን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ጎረቤታችንን ኬንያን ምሳሌ አድርገን እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በኬንያ የሕክምና ተማሪ 6 ዓመት በዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ 1 ዓመት በሆስፒታል በተለማማጅ ሐኪምነት ይሠራል። ተለማማጁ ገና ተማሪ ይመስላል፤ ሆኖም ሌሊት ተረኛ ሆኖ ድንገተኛ ሕመምተኛ የሚቀበልና ቍስል የሚሰፋ እርሱ ነው። ብቻውን አቤት ቢል ግን የሚሰማው የለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ የኬንያ ሐኪሞች በ2011 የሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለሠራተኛ የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ሰጥቶ ነበርና።

በ2013 ማኅበሩ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራረመ። ውሉ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስለዚህ በዲሴምበር 2016 የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሞች ሥራ አቆሙ። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ዶክተር ኡማ ኦሉጋ ነበሩ። ፍርድ ቤት ሐኪሞቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱ አዘዘ፤ ትእዛዙ ስላልተፈጸመ በፌብሩዋሪ 2017 እርሳቸውን ጨምሮ 7 መሪዎች የአንድ ወር እስራት ተፈረደባቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ድርድሩ እንዲቀጥል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈታቸው። ክርክሩም በ100ኛው ቀን በስምምነት አበቃ።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የሸማኔ ሥራ ለነገ ቢቆይ ጨርቁ ነገ ይሸመናል፤ ምጥ የያዛት እናት ግን ነገን አትጠብቅም። በእነዚያ ቀናት የተጐዳው ለግል ሆስፒታል የሚከፍለው ያጣ ድኻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሐኪምና መሣሪያ በጎደለበት ሆስፒታል ዝም ብሎ መሥራትም ያንኑ ድኻ ይጐዳል። እንግዲህ የማኅበር መሪ የሆነ ሐኪም ሁለቱን ጉዳት በአንድ ሚዛን መመዘን ግዴታው ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2024 መንግሥት ለተለማማጆች በወር 70,000 ሺሊንግ ልክፈል ቢል፣ ማኅበሩ በውል የተወሰነው 206,400 ነው ብሎ ተከራከረ፤ ሐኪሞችም 56 ቀን ሥራ አቆሙ። በ2025 ደግሞ ዶክተር ኦሉጋ በጤና ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆነው ተሾሙ። ጠያቂ የነበሩት ተራቸው ደርሶ ተጠያቂ ሆኑ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የተፈረመ ውል ሲናቅ ዕዳውን የሚከፍለው ያልፈረመው ሕመምተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ለባልንጀሮቹ መብት የሚናገር ሰው ነገ በወንበሩ ማዶ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ብቻ ይጠይቅ። ጓደኞቼ ሆይ፣ ነጭ ካባ የምትመኙ ሁሉ ይህን ከወዲሁ አስቡበት።