ዕጣው በሚገባ ካልተደባለቀ

ለጥቂት ቦታ ብዙ ሰው ሲቀርብ፣ ከአድልዎ የጸዳው የመምረጫ ዘዴ ዕጣ እንደሆነ ይታመናል። እምነቱ የሚጸናው ግን ዕጣው በሚገባ ከተደባለቀ ነው፤ ይህም ከሕግ ይልቅ የፊዚክስ ጉዳይ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1969 አሜሪካ ለውትድርና የሚጠሩ ወጣቶችን በልደት ቀናቸው ዕጣ አወጣችላቸው። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ነበር። 366ቱ ቀናት በትናንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ታሸጉ፤ የጃንዋሪ ቀናት አስቀድመው፣ የዲሴምበር መጨረሻ ላይ ወደ ሣጥን ገቡ። ዕጣው ቀድሞ የወጣ ቀድሞ ይጠራል። የየወሩ አማካይ የዕጣ ቁጥር በ183.5 አካባቢ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ የጃንዋሪ 201.2፣ የዲሴምበር ግን 121.5 ሆኖ ተገኘ። በ1970 እስከ 195 ያሉት ቁጥሮች ስለ ተጠሩ ልዩነቱ የዋዛ አልነበረም።

ምክንያቱን እንመልከት። ስኳር በሻይ ውስጥ ባይማሰልም ውሎ አድሮ ይሰራጫል፤ ሞለኪውሎቹን ሙቀት ያንቀሳቅሳቸዋልና። ብልቃጥን ግን የክፍል ሙቀት ንቅንቅ አያደርገውም። ስለዚህ ሣጥኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ ከተናጠ የአገባቡ ቅደም ተከተል ሳይጠፋ ይቀራል።

በ1970 በወጣው ቀጣይ ዕጣ ቀናቱ በአንድ በርሜል፣ ቁጥሮቹ በሌላ በርሜል ገብተው፣ ከየበርሜሉ አንድ አንድ እየወጡ ተጣመሩ። በሚገባ የተደባለቀው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሆን እንኳ ጥምረቱ አያደላም።