ነገርን ከሥሩ፦ ስለ ቡችላ ወስፋት

በዱርቤቴ ከተማ፣ በአንድ ሽማግሌ ደጃፍ የተደረገ ምልልስ

ወጣት፦ አባባ፣ ውሻችን የወለደቻቸው ቡችሎች ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ጎረቤታችን ዓይን በልቷቸው ነው ይላሉ።

ሽማግሌ፦ ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከእናቲቱ እንጀምር። ከመሬት የላሰችው የወስፋት እንቁላል በሆዷ ተፈልፍሎ፣ እጩ በሥጋዋ ውስጥ ተሸሽጎ ለረጅም ጊዜ ከተኛ በኋላ፣ ስታረግዝና እርግዝናዋ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ነቅቶ ወደ ጽንሱ ስለሚሻገር፣ ቡችላው ደዌውን ከማኅፀን ይዞ ይወለዳል፤ ከጡቷም ይጨምርበታል።

ወጣት፦ አድገው ቢታከሙስ?

ሽማግሌ፦ ይዘገያል፤ ሦስት ሳምንት እንደሞላው ቡችላው ራሱ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይዘራል፤ እንቁላሉም አፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ሰንብቶ ይበስልና በአፈር ለሚጫወት ሕፃን ይተርፋል። ቢቨር የተባሉ አሜሪካዊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1952 እ.ኤ.አ. ስለ ሦስት ሕፃናት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ይህ እጭ በሰው አካል እንደሚንከራተት አስረድተዋል።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንድ ዓመት ቡችሎቼን መድኃኒት አጠጥቼ ባደርኩበት ማግስት፣ አንደኛው እንደ ተወሳሰበ ፈትል የተጠቀለለ ነጭ ትል ከደጃፌ ላይ ጣለ። ጎረቤቴ ደግሞ ማለዳ ውኃ ቀድታ ስትመለስ አይታ፣ እንስራዋን እንኳ ሳታወርድ «መድኃኒቱ ትል ወለደ!» ብላ መንደሩን ሰበሰበች። ትሉ ድሮም ሆዱ ውስጥ እንደነበረ፣ መድኃኒቱ አውጪ እንጂ ወላጅ አለመሆኑን ብናገር ማን ይስማኝ? ወሬው በየቡናው ሲዞር ሰንብቶ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ቡችላ ባልታከመ ሆዱ እንደሞተ እግዚአብሔር ያውቀዋል! ወስፋቱ ከማኅፀን፣ ወሬው ከአፍ፤ ሁለቱም ሳይታዩ ይራባሉ።

ወጣት፦ እንግዲህ ምን ላድርግ?

ሽማግሌ፦ እ? አዎን። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ የእንስሳት ሐኪም በክብደቷ የለካላትን ፌንቤንዳዞል ከ40ኛው ቀን ጀምረህ፣ ከወለደች በኋላ እስከ 14ኛው ቀን ድረስ በየቀኑ ስጣት። ቡችሎቹን ከሁለት ሳምንታቸው ጀምሮ እስከ ስምንተኛው ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ፣ እናቲቱንም አብረህ አስታክም፤ ዓይነ ምድራቸውንም በየዕለቱ ቅበር። ለበግ የተገዛ አልቤንዳዞል ግን ላረገዘች ውሻ አይሰጥም፤ ጽንስ ይጎዳል።

ወጣት፦ ትሉ ሲወጣ ጎረቤታችን እንደዚያች ሴት ቢጮኹስ?

ሽማግሌ፦ ከዋዜማው ሂድና «ነገ ትል ይወጣል» ብለህ ንገራቸው። እኔ ያን ዓመት ይህን ሳልናገር መድኃኒቱን ብቻ አጠጣሁ።